ጡሪ የማትጠራው ስም

ጡሪን የማያውቅ የሞያሌ ሰው ካለ፣ እሱ ታሞ የማያውቅ ሰው ነው። በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ፣ በክሊኒካችን የካርድ ክፍል መስኮት ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። ጎዶማ ተወልዳ፣ ማርሳቢት ዲፕሎማዋን ይዛ፣ ቡቲዬ ተድራ፣ በአራት ቋንቋ የምትቆጣ ሴት ናት። ዶክተር አዳን እንኳ ካርድ ሲጠፋበት ወደ መስኮቷ የሚሄደው አስቀድሞ ፈገግ ብሎ ነው። ታካሚ ስትጣራ ማይክሮፎን አያስፈልጋትም፤ ገበያው ድረስ ይሰማል። አንዳንድ ሰው ላይ ስትደርስ ግን ዝም ትልና ከመስኮቷ ወጥታ ትከሻውን ነካ ታደርገዋለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። እኔ፣ ባምላክ፣ የክሊኒኩ የኮምፒውተር ሲስተም ሰው ነኝ፤ የሚፈልጉኝ ነገር ሲበላሽ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ተበላሸ። የጡሪ የባሏ አባት ሆዳቸውን ይዘው በሞተር መጡ። ካርዳቸውን ራሷ አወጣችላቸው። ዶክተር አዳን አያቸውና፣ "አንጀታቸው ታጥፏል። ዛሬ ማርሳቢት ደርሰው ኦፕራሲዮን ካልሆኑ ነገን እንጃ" አለ። አምቡላንሱ በር ላይ ቆሟል፤ ሆኖም የጤና መድኑ ፈቃድ ካልመጣ አይንቀሳቀስም። ፈቃዱ የሚመጣው ደግሞ በእኔ ሲስተም በኩል ነው። መጣ? የት ይመጣል! ስክሪኑ "ስህተት" ይላል። ምን ስህተት? እሱን አይናገርም።

የክሊኒካችን ፕሮግራም ማን መድን እንዳለው በራሱ አያውቅም። ለዚያ ሥራ ከውጭ የመጣ ሰርቪስ ተገጥሞለታል፤ መድን ድርጅቱ ናይሮቢ አሠርቶ የላከው ነው። ኢምፖርት እንለዋለን። ሞያሌ ላይ ደግሞ ኢምፖርት ያልሆነ ምን አለ? ሽንኩርቱ ከወዲያ፣ ሳሙናው ከወዲህ። ሽንኩርት ግን ሲበሰብስ ይሸታል፤ ይኼ አይሸትም! ከፍቼ የማየው ምን እንደሚጠይቅና ምን እንደሚመልስ ብቻ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለውን የሠሩት ያውቃሉ። ስም፣ የአባት ስምና የመታወቂያ ቁጥር ይጠይቃል። ከዚያ ወይ "ተፈቅዷል" ወይ "አልተፈቀደም" ማለት ነበረበት። "ስህተት" የሚባለውን መልስ ማን እንደጨመረበት እግዜር ይወቅ።

አድራሻውን አየሁ፤ ልክ ነው። ግንኙነቱን ሞከርኩ፤ ይሠራል። በራሴ ስም ጠየቅሁት፤ ዓይኔን ሳላርገበግብ "ተፈቅዷል" አለኝ። እኔን፣ ጤነኛውን! ኮሪደሩ ላይ ተኝተው የሚያቃስቱትን ሽማግሌ ግን አላውቃቸውም ብሎ ድርቅ! ጸጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝም። እኒህ ሰው ያቤሎ ከብት ሲነግዱ በለመዱት አማርኛ፣ "ባምላክ፣ ያ ሳጥንህ ዛሬ ሳር በላ ወይ?" እያሉ የሚቀልዱብኝ ናቸው። ያን ቀን ቀና ብለውም አላዩኝ።

"ጡሪ፣ መታወቂያቸውን አንብቢልኝ፤ እንደገና ልጻፈው" አልኳት።

"ቁጥሩን ላንብብልህ።"

"ስሙን ነው ያልኩሽ!"

"ራስህ አንብበው።"

"እጄ ኪቦርድ ላይ ነው እኮ! ማንበብ ጠፋብሽ እንዴ? ሰውዬው እየሞቱ ነው!"

መታወቂያውን ወረወረችልኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። መታወቂያው ጋልጋሎ ዲባ ይላል። እሷ የመዘገበችው ደግሞ አባ ያታኒ ዲባ ነው። ያታኒ ባሏ ነው፤ የያታኒ አባት ማለቷ ነው።

"ወይ ጉድ! ኧረ ጡሪ!"

ወጉንማ አውቀዋለሁ። የቦረና ምራት የባሏን አባት ስም አፏ ላይ አታነሳም፤ ያንኑ ስም የያዘ ሌላ ሰው ቢመጣም አትጠራውም። የትከሻው ነገር ያኔ ገባኝ። ግን ዶክተር የምትቆጣ ባለ ዲፕሎማ! ያውም ኪቦርድ ላይ!

"መጻፍስ መጥራት አይደል?" አለችኝ። "በአፌ ያላነሳሁትን በጣቴ ላንሳው?"

ለክርክር ጊዜ አልነበረም። ስሙን አስተካከልኩ። ተመስገን ልል ስል ኢምፖርቱ ሌላ ጣጣ አመጣ፦ ስም ስለተቀየረ የቤተሰብ አባል በስልክ ያረጋግጥ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ሜርሲ የምትባል የመድኑ ሠራተኛ ናት፤ ከናይሮቢ። የታካሚውን ሙሉ ስም በስዋሂሊ ጠየቀችኝ።

"ጋልጋሎ ዲባ" አልኳት።

"ቤተሰብ ነህ?"

"የሲስተም ሰው ነኝ።"

"ቤተሰብ አቅርብልኝ።"

ያታኒ ግመሎቹን ይዞ ጎልቦ ግጦሽ ወርዷል፤ ስልኩ አይሠራም። ሌላ ዘመድ እስኪጠራ ሰውዬው አይቆዩም። ሜርሲን ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ወጉን አስረዳኋት። "ፖሌ" አለችኝ፤ ማዘኗ ነው። ሕጉ ግን ሕግ ነው፣ ድምፅ ይቀዳል አለች። እንግዲህ ምን አባቴ ላድርግ? የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጡሪ ፊት አስቀመጥኩት።

ሽማግሌው አቃሰቱ። ጡሪ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችና ወደ ግድግዳው ዞረች። የሆነ ነገር አንሾካሾከች።

"አልተሰማም፤ ድገሚው" አለች ሜርሲ።

እንደገና አንሾካሾከች።

"እህቴ፣ አይሰማኝም። ልዝጋው?"

"ጋልጋሎ!" ብላ ጮኸች ጡሪ፣ በዚያ ታካሚ በምትጣራበት ድምጿ። "ጋልጋሎ ዲባ!"

ኮሪደሩ ላይ ያለ ሁሉ ዞረ። ሜርሲ "ሳዋ፣ እሺ፣ ተሰምቷል" ብላ ዘጋች። ስክሪኑ ላይ "ተፈቅዷል" ሲል አይቼ ሾፌሩን ልጠራ ተነሳሁ። ጡሪ ከግድግዳው አልዞረችም፤ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ሽማግሌው በክርናቸው ተደግፈው እንደምንም ቀና አሉና ወደ እሷ አዩ።

"አቤት፣ ልጄ" አሏት።