የልጅቷ የቤት ሥራ

የምሥራች! የሂሳብ አያያዙ የቤት ሥራ ታለፈ፤ ኮምፒዩተሩ አረንጓዴ ምልክት አሳየ። ያለፈችው ልጅቷ ናት፤ ፈተናዋን ያየችው ግን እናትየው ናት። የሆስፒታል የአስታማሚ ካርድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ በልጇ ስም ገብታ፣ ከኮሌጁ የኮምፒዩተር ክፍል ጥግ ተቀምጣለች። ዴቢቱን ከክሬዲቱ ባምታታች ቁጥር ኮምፒዩተሩ አዲስ ቁጥር እየደቀነ «እንደገና ሞክሪ» ሲላት፣ እሷም «ምን አባቱ ያዘኝ!» እያለች ስትጨቃጨቀው ዋለች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ማጭበርበር ነው» አላት የክፍሉ ተቆጣጣሪ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከትምህርቷ እንዳትሰረዝብኝ ብዬ ነው፣ ወንድሜ። ስትነቃ እሷው ትቀጥለዋለች።»

«ሐኪሞቹስ ምን አሉ?»

«እነሱማ የማይሉት የለ» አለችና ሻርፗን ሰብስባ ተነሳች።

ልጇ መኪና ከገጫት ወዲህ ዓይኗን አልገለጠችም። እናትየው ግን ሆስፒታል ሄዳ «አልፈሻል» ልትላት ደረጃውን በሩጫ ወረደች።