ወዳጆ ዋጋ የጠራ ዕለት

ወዳጆ አርባ ዓመት ሙሉ ቢላዋ ሲሠራ አንድም ቀን ዋጋ ጠርቶ አያውቅም ነበር። ሥራው ሳያምር ቀርቶ አይደለም። ከደብረ ብርሃን ጋራዥ ያረጀ የመኪና ባሌስትራ ያስመጣል፤ በከሰል እሳት አግሎ ይቀጠቅጠዋል፤ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያጠነክረዋል፤ የበሬ ቀንድ እጀታ ያበጅለታል። ስለቱን የሚሞክረው የራሱን ክንድ ጸጉር በመላጨት ስለሆነ ግራ ክንዱ ዓመቱን ሙሉ መላጣ ነው። በሚኖርባት በዘመሮ ዙሪያ የእሱ ቢላዋ በግ ያላረደበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ዋጋ የማይጠራው ፈርቶ ነው። ወዳጆ ቀጥቃጭ ነው፤ ቀጥቃጭን ደግሞ አገሩ ቡዳ ነው ብሎ ያማዋል። ፊት ለፊት የሚናገረው የለም፤ ፊት ለፊትማ ሁሉም ጨዋ ነው! ነገር ግን ከእሱ ጋር ተጨቃጭቆ የሄደ ሰው በሳምንቱ ላሙ ብትነጥፍበት ወይም ልጁ ቢያስመልሰው ጣት የሚቀሰረው ወደ ወዳጆ ነው። አባቱ በአንዲት በግ ሞት የተነሳ ቀዬውን ለቆ ተሰድዷል። ስለዚህ ገዢ "ስንት ልስጥህ?" ሲለው ወዳጆ "የመሰለህን" ይላል። ለሰው የሚመስለው ደግሞ ምን ጊዜም ትንሽ ነው። አንዱ አንድ ቁና ገብስ፣ ሌላው መቶ ሃምሳ ብር፣ አንዳንዱም "ለመስቀል እሰጥሃለሁ" የሚል ቃል ሰጥቶት ይሄዳል።

ዘንድሮ ልጁ እየሩስ ለፋሲካ መጣች። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የብረታ ብረት ሱቅ ሻጭ ናት፤ ስልኳን አውጥታ የባሌስትራውን፣ የከሰሉን፣ የቀንዱንና የሁለት ቀን ጉልበቱን ደመረችለት።

"አባዬ፣ ከስድስት መቶ በታች ከሸጥክ ለገዢው ከኪስህ እየጨመርክለት ነው" አለችው።

"ሰው ይቀየመኛላ፣ ልጄ።"

"ይቀየም! እኛ ሱቅ ስንቱ ተቀይሞ ይሄዳል መሰለህ፤ ማግስቱን ተመልሶ ይመጣል።"

ሚስቱ ጥሩሸዋ ከጓዳ "ዝም አይነቅዝም" ብላ ነበር። ወዳጆ ግን ያን ሌሊት ሲገላበጥ አደረ። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሳይሞት አንድ ቀን እንደ ሰው ዋጋ ጠርቶ መሸጥ አማረው። ሌላ የተመኘው ነገር አልነበረም።

በፋሲካ ገበያ ማዳበሪያ አንጥፎ ቢላዎቹን ደረደረ። መጀመሪያ የመጣው የበግ አርቢው አፈወርቅ ነው። አንዱን አንስቶ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

"ስንት ልስጥህ?"

"ስድስት መቶ" አለ ወዳጆ።

"ምን አልክ?"

"ስድስት መቶ ብር።"

"አብደሃል እንዴ? ሁለት መቶ እንካ።"

"አምስት መቶ ሰማንያ አድርገው፤ የመጨረሻው ነው።"

"ሁለት ሃምሳ! አምና ለአማቼ በስንት ሰጠኸው?"

"አምና ተሞኝቼ ነው" አለ ወዳጆ፤ ራሱም በራሱ መልስ ተገርሞ ሳቀ። እንዴት ደስ አለው! ለካ ክርክር እንዲህ ይጣፍጣል! እህል ሻጩም በግ ነጋዴውም ከገዢው ጋር እንዲህ ሲሟገት ነው የሚውለው፤ ወዳጆ ከእነሱ እንደ አንዱ ሆነ። አፈወርቅ ግን ከሦስት መቶ አላልፍም አለ፤ በመጨረሻም ቢላውን ማዳበሪያው ላይ ወርውሮ "ሂድ ወዲያ! የቻይናውን በመቶ ሃምሳ እገዛለሁ!" ብሎ ሄደ።

ወዳጆ ከኋላው አየው። ገበያ ውስጥ ፊቱን ያዞረ ደንበኛን ከኋላው የማያይ ሻጭ የለም። ሆኖም ወዳጆ ሲያይ ሌላ ሰው ደግሞ እሱን ያየው ነበር።

በፋሲካ ማግስት የአፈወርቅ ትንሹ ልጅ ማሙሽ ያስመልሰው፣ ያስቀምጠው ጀመር። የበላውን ጮማ ብዛት እናቱ ታውቃለች። ቢሆንም እስከ ማክሰኞ ጠዋት ድረስ መንደሩ ፍርዱን ጨርሶ ነበር፤ ቢላውን ከልክሎት፣ በዓይኑ ሸኝቶት፣ በልጁ ገባበት ተባለ።

"ብዬ ነበር!" አለች ጥሩሸዋ እያለቀሰች። "ውሰድና ቢላውን ስጠው፤ በማርያም!"

"እንዳትሄድ አባዬ!" አለች እየሩስ። "ከሄድክ እኔ ነኝ ያልክ ነው የሚመስለው።"

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ካልሄደና ልጁ ከሞተ ገዳዩ እሱ ነው፤ ከሄደ ደግሞ አመነ ይባላል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው ሆነበት። በመጨረሻ ቢላውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሄደ። ልጅ ታሞ እንዴት እቤቱ ይቀመጣል?

ማሙሽ መደብ ላይ ተጋድሟል፤ ከንፈሩ ደርቋል። አፈወርቅ ቢላውን ተቀበለና ሳይፈታው ወደ ጥግ አኖረው።

"እንትፍ በልለት" አለው። "ልቀቅልኝ፤ ሌላ ነገር አልልህም።"

"አፈወርቅ ወንድሜ፣ እኔ እኮ ምንም አላደረግኩም። በቁርባኔ…"

የልጁ እናት እግሩ ላይ ወደቀች። ቤት የሞላው ጠያቂ ወዳጆን ያያል። ወዳጆ ልጁን አየው፤ ቶሎም ዓይኑን ሰበረ፤ ማየትም ወንጀል ሆኖበታል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ልጁ ግንባር ላይ እንትፍ አለ። እንትፍ ሲል እንባው ወረደ።

ማግስቱን ማሙሽ ተነስቶ አጥሚት ጠጣ። ሌሊቱን ሙሉ የጤና ኬላዋ ሠራተኛ የሰጠችውን በውሃ የሚበጠበጥ መድኃኒት በማንኪያ ሲግቱት ነበር ያደሩት፤ ለእሷ ግን ማን ቁም ነገር ይሰጣል? እንትፍ አለለት፣ ለቀቀው፣ በቃ። እስከዚያ ቀን ሐሜት ብቻ የነበረው ነገር ምስክር አገኘ። ወዳጆ ልጁ በመዳኑ ከልቡ ተደሰተ፤ ልጁ በመዳኑ ደግሞ ለእሱ አለቀለት።

እየሩስ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ወዳጆ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኛት። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አለች በመጨረሻ። ወዳጆም "አይደለም" አላት፤ ማን እንደሆነ ግን ሊነግራት አልቻለም።

በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ገበያ ወጣ፤ ከመሸጥ በቀር የሚኖርበት ነገር የለውማ። አንድም ገዢ አይመጣም ብሎ ነበር። መጡ። አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ ቢላውን ያነሳሉ፤ ስለቱን ሳይሞክሩ ስድስት መቶ ብር ማዳበሪያው ላይ አኑረው ዓይናቸውን ሰብረው ይሄዳሉ። የትናንት ጎረምሳ ሳይቀር "አንተ" ሲለው የኖረ ሰው "ጋሽ ወዳጆ፣ እርስዎ" ተባለ። እስከ ቀትር አንድ ቢላዋ ብቻ ቀረው።

የቀረውንም ልጅ ያዘለች ሴት አነሳችው። ስድስት መቶ ብር ዘረጋችለት።

"አራት መቶ ነው፤ መልስሽን ውሰጂ" አላት ወዳጆ።

"የለም የለም ጋሼ፣ ዋጋውን ሰምቻለሁ። ይውሰዱት።"

"አራት መቶ ይበቃኛል አልኩሽ እኮ።"

"አይቀየሙኝ፤ ልጅ አለኝ።"

ወዳጆ ከተቀመጠበት ሊነሳ ሲል ሴትዮዋ ወደኋላ ሸሸች። ተመልሶ ተቀመጠ።

"እባክሽ እህቴ" አላት፤ "እስቲ ቀንስ በይኝ።"

ሴትዮዋ ያነሰበት መሰላት። ከመቀነቷ መቶ ብር ፈትታ ማዳበሪያው ላይ ጨመረችለትና የልጇን ፊት በጋቢዋ ሸፍና በጥድፊያ ሄደች።