ዙልማና የዋሺንግቶን ስሌት

ዙልማ ቁጭ ማለት የማይሆንላት ልጅ ነበረች። አባቷ የሞንቴቪዴዮ አውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ አንድ ቦታ መርጋት አትወድም። በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍል ማቴ የሚሉት የቅጠል ሻይ በአንድ ኩባያ ከሰው ሰው ሲዞር አንዴ ትመጥና "አመሰግናለሁ!" ብላ ብድግ ነው። በማቴ ወግ "አመሰግናለሁ" ያለ ሰው ደግሞ በቃኝ ብሏል፤ ኩባያው ያልፈዋል።

"መቀመጫዋ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" ይላል ማቴ ቀጂው፣ ዋሺንግቶን የሚባለው ተማሪ።

ያን ቀን የመመረቂያ ጽሑፏን የመጨረሻ ምዕራፍ የትምህርት ክፍሏ ቢሮ ሳይዘጋ ካላስረከበች ምረቃዋ ለከርሞ ነው። ከጠዋት ጀምራ ስትጽፍ አንዴም ሴቭ አላደረገችም። ታዲያ ኮምፒውተሩ በድንገት ደርቆ አይቀር! ማውሱ አይነቃነቅ፣ ኪቦርዱ አይሰማ።

"ወይኔ ጉዴ!" ብላ ልትነቅለው እጇን ወደ ሶኬቱ ሰደደች።

"እጅሽን ሰብስቢ!" ዋሺንግቶን ጮኸ። "የኔም ስሌት እዚያው ማሽን ላይ ነው!"

ማሽኑ የሚሠራበት ዩኒክስ የሚባል ሥርዓት ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንዱን ማሽን ብዙ ሰው በየስሙ ገብቶ ይሠራበታል። የዋሺንግቶን የወንዝ ጎርፍ ስሌት ስንት ሳምንት ሲሄድ ከርሞ ሊያልቅ ተቃርቧል።

"ከሌላ ማሽን ገብተን የደረቀውን ፕሮግራም ብቻ በትእዛዝ አስቁመን እንገድላለን። ጽሑፍሽ አይነካም። ሙቅ ውሃ ሞልቼ ልምጣ፣ ጠብቂኝ።"

መጠበቅ? ዙልማ? ገና ከበሩ ሳይወጣ በሌላው ማሽን ፊት ያለው የእሱ ወንበር ላይ ዘላ ተቀመጠች። እሱ ስክሪኑ ላይ ክፍት በተወው የትእዛዝ መስኮት ወደ ደረቀው ማሽን ገባች። አንዱ ፕሮግራም የማሽኑን ጉልበት ጥርግ አድርጎ ይበላል። "አንተ ነህ ለካ!" አለችና ገደለችው። ማሽኑ የሌላ ሰው ሥራ ለመግደል እንደማይፈቅድ ታውቃለች፤ ስለዚህ አልሰጋችም። የገባችው በዋሺንግቶን ስም መሆኑን ግን ልብ አላለችም።

ስክሪኗ እንደደረቀ ነው። ያን ጊዜ ነው ከገደለችው ፕሮግራም ጎን የተጻፈውን የዋሺንግቶንን ስም ያነበበችው።

ዋሺንግቶን ፔርሙዙን ይዞ ሲመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ዋሺ... ስሌትህን ገደልኩት።"

"የጎርፉን?"

"የጎርፉን።"

ፔርሙዙን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ብትሰደብ ይሻላት ነበር።

"ተነሺ" አላት በመጨረሻ። ከስሙ ወጣ። "አሁን በራስሽ ስም ግቢ።"

ገባች። እሱ በጣቱ አሳያት፤ ስክሪኑን ይዞ የቀረው አንድ ተራ የሥዕል ማያ ፕሮግራም ነው። እሱን ሲገድሉት ማውሱ ተንቀሳቀሰ። ምዕራፏ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል ቁጭ ብላለች። ሴቭ አድርጋ፣ አትማ፣ እየሮጠች ሄዳ ቢሮው ሊዘጋ ሲል አስረከበች።

ትመለሳለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። ተመለሰች። ዋሺንግቶን ስሌቱን ከሀ እየጀመረ ነበር። ዞር ሳይል ቀዳና አቀበላት። "አመሰግናለሁ" ምላሷ ጫፍ ደረሰ፤ ዋጠችው። ጠጥታ ባዶውን መለሰችለት። ደግሞ ቀዳላት፤ ደግሞ ጠጣች።

"ዛሬ ምን ነካሽ?"

"ዝም ብለህ ቅዳ" አለችው፣ እንባዋ እየመጣ።

ውሃው እስኪያልቅ ከወንበሯ አልተነሳችም።