አያቴ በጀልባ ያሻገሩት መሪ

ልጅ ሳለሁ ሹም አቦ ሰፈር መብራት በጠፋ ቁጥር እኔና እህቴ ኩራዝ አብርተን በአያታችን የከሰል ምድጃ ዙሪያ እንኮለኮል ነበር። አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ላይ ሞተር ጀልባ የነዱ ሰው ነበሩ። ያኔ ከአንበሳና ከጦጣ ተረት ይልቅ የምንወደው፣ የአገሩን መሪ ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ደልጊ ያሻገሩበትን ቀን ሲነግሩን ነበር።

ሐይቁ መሃል ማዕበል ሲነሣ መሪው ፈርተው የአያቴን ክንድ ጨበጡ፤ «ልጆች አሉህ?» ብለውም ጠየቋቸው። ደልጊ ሲደርሱም መሪው እናቶች ያለ ሐኪም እንደሚወልዱ ሰሙና ክሊኒክ አሠሩ። «በዓመቱ ደግሞ ወንድሜን አሳሰሩት፤ በዚያው ቀረ» ይሉና አያቴ ፍሙን በጉጠት ይቆሰቁሱ ነበር። እኔ ይህቺን በዘለሏት እያልሁ እመኝ ነበር።

መሪው ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ የመጣው ፓርቲ ስማቸውን ከክሊኒኩ ግድግዳ አስፋቀና አያቴን ለምስክርነት ስብሰባ ጠራቸው። ስለ ወንድማቸው ሲናገሩ ተጨበጨበላቸው፤ ስለ ክሊኒኩ ሲጀምሩ ግን ድምፅ ማጉያውን ከእጃቸው ተቀበሏቸው።

ዓመታት አለፉ፤ እኔም አድጌ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርሁ። ሌላ ፓርቲ መጣና ያንኑ መሪ «የአገር አባት» ብሎ ፎቷቸውን አደባባይ ሰቀለ። ለመታሰቢያው በዓል አያቴን ሊጋብዝ የመጣው ወጣት፣ «አባባ፣ የወንድምዎን ነገር ለዕለቱ ይለፉት» አላቸው። ለእንጀራዬ ፈርቼ እኔም፣ «ይተዉት፣ አባባ» አልኋቸው።

«አንቺም?» አሉኝ።

በበዓሉ ቀን መድረክ ላይ ወጥተው ማዕበሉንም ክሊኒኩንም አወሩ፤ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላቸው። የወንድማቸውን ስም ሲጠሩ ግን ድምፅ ማጉያው ጠፋ። አያቴ አልጮኹም፤ ለእኛ በሚያወሩበት በዚያ ዝግ ባለ ድምፅ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ተረኩት። የሰማነው የፊት ረድፍ ላይ የተቀመጥን ብቻ ነን። ከመድረኩ ሲወርዱ እጃቸውን ይዤ ልደግፋቸው ፈለግሁ፤ እሳቸው ግን ቀድመው ትከሻዬን አቀፉኝ።

አሁን አያቴ የሉም። ልጄ አደባባዩ ላይ የመሪውን ፎቶ ባየች ቁጥር፣ «ደግ ሰው ነበሩ?» ትለኛለች። ክሊኒኩንም፣ ሳይመለስ የቀረውንም ሰው እነግራታለሁ። በቅርቡ ደግሞ «ይተዉት» ማለቴን ጨምሬ መንገር ጀምሬያለሁ፤ ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው።