የእማማ የሺ ክኒን

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው የኮልፌው መድኃኒት ቤታችን ኃላፊ፣ እናቴ የሥጋ ደዌ ታማ የዳነች መሆኗን በሰማበት ሰኞ ነው። «ጓድ፣ ሕዝቡ እጅህን ይፈራል» ብሎ መድኃኒት ከማድልበት መስኮት አንስቶ ዕቃ ክፍል አስገባኝ። ዲግሪ ይዤ ካርቶን ስደረድር ከረምኩ።

አንድ ጠዋት እማማ የሺ የሚባሉ ደንበኛዬ ከመስኮቱ አልነቃነቅ አሉ።

«ያ ልጅ የታለ? እሱ ይስጠኝ።»

«መድኃኒቱ እኮ አንድ ነው፣ እማማ» አለቻቸው ባልደረባዬ።

«እጁ አንድ አይደለማ።»

ሰልፉ ሲረዝም ተጠራሁ። ክኒናቸውን ስሰጣቸው እጄን ይዘው ሳሙት። ኃላፊው ከኋላዬ መጣና፣ «እማዬ፣ በሰው ፊት አታሳፍሪኝ፤ በቃ ወደ ቤት ሂጂ» አላቸው።

እኔንም ወደ ካርቶኖቼ መለሰኝ።

ጓድ ኃላፊ፣ እናትህ የሳሙትን እጅ የፈራው የትኛው ሕዝብ ነው? ዛሬ እንኳ መልስልኝ።