ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረው ኮምፒውተር

ትናንት የእህቴ ልጅ ሰላም ላፕቶፗን ይዛ ከዳንግላ እንጅባራ እኔ ቤት መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ የከዋክብትን ዕድሜ የሚያሰላ ሶፍትዌር ስትጭን ዋለች። አንዱን ስህተት ስታርም ሌላው ብቅ ይላል። «አጎቴ፣ ይሄ ነገር ሊያሳብደኝ ነው!» አለች። እኔን ድሮ አሳብዶኝ ስለነበር ሳቄ መጣ።

የፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ ስል ነው። የአንድ ኮከብ ዕድሜ ስሌት እስከ ሰኞ ለአማካሪዬ ካላስረከብኩ ምረቃዬ ለከርሞ ሊተላለፍ ሆነ። ሶፍትዌሩ በዊንዶውስ አልሠራም አለ፤ ሊኑክስ የሚባል ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ይፈልጋል። የኔ ላፕቶፕ ደግሞ ትንሽ ሲሞቅ ድርግም የሚል አሮጌ ነበር። ደህና ማሽን ያላቸው ጋሽ ሰኢድ ነበሩ፤ እንጅባራ ገበያው አጠገብ ማመልከቻ የሚተይቡ የአባቴ ወዳጅ። በነሐሴ ዝናብ፣ እናቴ የቋጠረችልኝን ቅቅል ድንች ታቅፌ፣ ጉም በዋጠው መንገድ በሚኒባስ ሄድኩ።

«የኔን እንዳታጠፋብኝ እንጂ ከጎኑ የፈለግኸውን አስገባ» አሉኝ።

ሊኑክሱን ከዊንዶውሱ ጎን አስገባሁ። መከራዬ ከዚያ ጀመረ። ከኢንተርኔት ላወርድ ስል ድረ ገጹ የደኅንነት ማረጋገጫው ገና ሥራ ላይ አልዋለም ይለኛል። በፍላሽ ያመጣሁትን ልጭን ስል ፋይሉ የተሠራበት ቀን ገና አልደረሰም ይለኛል። ያልደረሰ ፋይል እንዴት እጄ ገባ? አጥፍቼ ደግሜ ጫንኩ። ሌላ ዓይነት ሊኑክስ ለምኜ አምጥቼ ጫንኩ። መሀል ላይ መብራት ሄደ። ድንቹም በረደ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም፤ ኮምፒውተርን የፈጠረውን ሰው ሳይቀር ረገምኩ።

በመጨረሻ ዓይኔ ከማያው ጥግ ቀኑ ላይ አረፈ። ጋሽ ሰኢድ ማመልከቻው ላይ ቀኑ በራሱ እንዲወጣላቸው ብለው የማሽኑን ቀን በኛ አቆጣጠር ሞልተውታል። ምስኪኑ ኮምፒውተር ከሌላው ዓለም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ፣ የማመጣለትን ሁሉ ገና ያልተፈጠረ ነገር አድርጎ ያየው ነበር። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አደረግሁት፤ ሶፍትዌሩ ያለ አንዳች ማጉረምረም ገባ።

በማግስቱ ጧት ጋሽ ሰኢድ በዊንዶውሱ ሲተይቡ ቆዩ። ረፋዱ ላይ ከጥሊሊ የመጡ አንድ ገበሬ ማመልከቻቸውን እያወዛወዙ ተመለሱ።

«ሰኢድ፣ ምን አድርገህ ነው የጻፍክልኝ? ቀኑ ሲደርስ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ይምጡ ብለው ቢሮው ውስጥ ሳቁብኝ እኮ!»

ጋሽ ሰኢድ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ዘመኔን ምን አደረግኸው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ ሰኢድ። ወደ ቀድሞው ከመለስኩት ስሌቱ ይበላሽብኛል፤ ለሰኞ ካልደረሰ ደግሞ ዓመቱ ሄደብኝ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አሁን ከጀመርኩት እስከ እሑድ ሳይጠፋ መሥራት አለበት፤ ሊኑክሱ ሲሠራ ደግሞ ዊንዶውሱ አይከፈትም።»

ፊታቸው እንደተቋጠረ ከወንበራቸው ተነሡልኝ። «በል ኮከብህ ይሸምግል» አሉና ከኪሳቸው እስክሪብቶ መዘዙ። እስከ እሑድ የመጣውን ማመልከቻ ሁሉ በእጃቸው ጻፉ። ጣታቸውን እያሻሹ፣ እኔንም ኮከቡንም እየረገሙ ጻፉ። ሰኞ ስሌቱን አስረከብኩ፤ ተመረቅሁም።

ሰላምን መጀመሪያ የጠየቅኋት «ቀኑ ስንት ይላል?» ብዬ ነበር። ቀኑ ልክ ነው። የሷ ጣጣ ሌላ ነው፤ እኔም አላውቀውም። ማምሻው ላይ ላፕቶፗ እንደማይችለው ሲገባን የኔን ኮምፒውተር ለቀቅሁላት፤ አሁን እዚያ ማዶ ኮከቧን እያሰላ ነው። እስከ እሑድ አትንኩት ብላለች። እኔም ይህን የምጽፈው በእስክሪብቶ ነው። ጣቴ ዝሏል፤ እያጉረመረምኩም ነው።