ሉሉ ምን በላች?

ይህ የገጠመኝ በኮሮናው ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ዓረብ አገር፣ አል ዓይን ከተማ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ውሻና ድመት በእጄ አልፏል፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ሉሉ የምትባለዋን ነጭ ድመትና ይዛት የመጣችውን ሴት ግን አልረሳሁም፤ የምረሳቸውም አይመስለኝም።

የእንስሳት ክሊኒክ ረዳት ነኝ። ሐኪሙ መርፌ ሲወጋ እይዛለሁ፣ አጥባለሁ፣ ጥፍር እቆርጣለሁ፣ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ እቧጨራለሁ። አገር ቤት ደውዬ ሥራዬን ስነግራቸው "ለድመት ሐኪም?" ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ! እኔ ሥራዬን እወደዋለሁ።

በዚያን ጊዜ የእንስሳቱ ባለቤቶች ክሊኒክ ውስጥ አይገቡም ነበር። መኪና ውስጥ ሆነው ይደውላሉ፣ እኔ ጓንትና ማስክ አድርጌ እወጣና እንስሳውን ተቀብዬ እገባለሁ፣ እነሱ ፓርኪንግ ላይ ይጠብቃሉ። የሰኔ ፀሐይ ደግሞ አናት ይበሳል።

ያን ቀን ጠዋት ከአል ሙዋይጂ ሰፈር አንድ መኪና መጣ። ሾፌሩ ገና ሳልደርስ ወርዶ ራቅ ብሎ ቆመ። "ኮሮና! ኮሮና! ደም አስመልሷታል!" ይለኛል በዓረብኛ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት የድመት ሳጥን ታቅፋ ተቀምጣለች። ፊቷ በማስክ ተሸፍኗል፤ ግንባሯ ላይ ግን የመስቀል ንቅሳት አለ።

"ወይ ጉድ፣ አበሻ ነሽ እንዴ?" አልኳት።

"አዎ እቴ፣ ድረሽልኝ! ልትሞትብኝ ነው" አለች።

አንጓች ትባላለች። ከላስታ ነው የመጣችው፤ የድመቷ ባለቤቶች ቤት ሠራተኛ ናት፣ ልጆቹንም ያሳደገችው እሷ ናት።

ድመቷን ወደ ውስጥ ይዣት ገባሁ። ክብደቷ ሁሉ ጠፍቷል። ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፣ ድዷ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ሐኪማችን ሶሪያዊ ነው፣ ረጋ ያለ ሰው። ደሟን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ኮሮና አይመስለውም፤ ደሟ ግን እያለቀ ነው፤ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፣ ከማይድነውም አለበት አለኝ።

ለቤቱ እመቤት ደወለላት። እሷ አቡ ዳቢ፣ አል ፈላሕ፣ እናቷ ቤት ናት። ቤተሰቡን ይዛ እናቷን ለመጠየቅ እንደሄደች የከተሞቹ መንገድ ተዘግቶ እዚያው ቀርታለች፤ ከዚያ አልፎ በሽታው እሷኑ ይዟታል። "የማይድን ከሆነ አታሠቃዩዋት፣ በመርፌ አስተኟትና ትረፍ" አለችው። አንጀቴን በላኝ።

ሐኪሙ ከማስተኛቱ በፊት ምን እንደበላች ጠይቄ እንድመጣ ላከኝ። መድኃኒት፣ ሽንኩርት፣ የአይጥ መርዝ፣ ሁሉንም ጠቃቅሼ አንጓችን ጠየቅኳት።

"ከደረቅ ምግቧ በቀር ምንም" አለች። ይህን ስትል ዓይኗ መሬት መሬት ያያል።

ተመልሼ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ፎጣ ለማጠብ አነሳሁት። ሾፌሩ ደም ያለው ቀይ ነገር እሱ ላይ ነው። ሳነሳው ሽታው በማስኩ አልፎ መጣብኝ። ወገኖቼ፣ ስንት ዓመት ሽሮ የበላ አፍንጫ እንዴት ይሳሳታል?

ፎጣውን እንደያዝኩ ወጣሁ። "አንቺ ሴት፣ ሞኝሽን ፈልጊ! ይሄ ደም ነው ሽሮ?"

አንጓች ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

"ሽንኩርት ድመትን እንደሚገድል አታውቂም?"

"ኧረ እኔ በምን አውቄ! አገሬ ድመት ሰው የበላውን ነው የሚበላ!" ብላ ማልቀስ ጀመረች። "የሰኔን ጾም ይዤ ነው። የሽሮ ዱቄቱን ሾፌሩ ሰናይያ ካለው የአበሻ ሱቅ ያመጣልኛል፣ በር ላይ ጥሎልኝ ይሄዳል። ቤት ድርሽ እንዳይል ተከልክሏል። ያን ሁሉ ቤት ብቻዬን ነኝ። ማዕድ ፊት ስቀመጥ እህሉ አልወርድ አለኝ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አይደል ያደግነው? እሷ ደግሞ ትመጣና ፊት ለፊቴ ቁጭ ትላለች። አጎረስኳት፣ በላችልኝ።"

"ስንት ቀን?"

"በየቀኑ። እንዳያቃጥላት ብዬ በርበሬውን ቀነስኩላት፤ እንዲጣፍጣት ሽንኩርቱን በዛ አደረግኩት።"

ልስቅም ላለቅስም ነበር።

"ለማዳም ትነግሪብኛለሽ?" አለችኝ። "ካፊሌ እሷ ናት፤ መኖሪያ ፈቃዴ በስሟ ነው። ዋሽታለች ብላ ካባረረችኝ የት እወድቃለሁ? አውሮፕላን የለ፣ መንገድ የለ።"

እውነቷን ነው። በዚያ ሰሞን ከሥራ የወጣ ሰው መግቢያ አልነበረውም። ነገር ግን ዝም ካልን ሉሉ ዛሬውኑ መሞቷ ነው።

"ስሚኝ እህቴ" አልኳት። "ለሐኪሙ አሁን ገብቼ እነግረዋለሁ፤ ለሕይወቷ ነውና አልደብቅም። እሱም ለማዳምሽ መንገሩ አይቀርም። ከሰው አፍ ከምትሰማ ካንቺ ትስማው።"

ለሐኪሙ ስነግረው ፊቱ በራ። ሽንኩርት ከሆነ ደም ሰጥተን ልንሞክር እንችላለን፣ ባለቤቷ ትፍቀድልን ብቻ አለ። እዚያው ክሊኒክ የምናኖራት አንዲት ወፍራም ድመት አለችን፣ ደም የምትሰጠው እሷ ናት።

አንጓች አማተበችና ደወለች። ስልኩን እኔ ያዝኩላት። ድምፁን ከፍ አድርገነዋል። ማዳም እየሳለች "ሉሉ ሞተች?" አለች።

አንጓች በዚያች በምታውቃት ዓረብኛ ሁሉንም ተናገረች። ሽሮውን፣ ሽንኩርቱን፣ መዋሸቷንም።

"ለምን አጎረስሻት?" አለች ማዳም።

"ብቻዬን መብላት አቃተኝ፣ ማዳም።"

ቀጥሎ የሰማሁት የማዳምን ልቅሶ ነው።

"እኔም እኮ አንጓች" አለች። "ከያዘኝ ጀምሮ አንድ ክፍል ውስጥ ነኝ። ሳህኔን በር ላይ ያስቀምጡና አንኳኩተው ይሸሻሉ። ልጆቼን በበሩ ቀዳዳ ነው የምሰማቸው። እኔ ድመት እንኳን የለኝም።"

አንጓች "እኔን! እኔን!" ትላለች፣ በአማርኛ፣ ማዳም እንደማይገባት ረስታው። እኔም ማስኬ በእንባ ርሶ መተንፈስ አቃተኝ።

"ኸላስ፣ በቃ፣ አታልቅሺ" አለች ማዳም። "ለሐኪሙ ደሙን ስጣት በይው። አንቺም የትም አትሄጂም።"

ሉሉ ደም ተሰጣት። በማግስቱ ጭንቅላቷን ቀና አደረገች፤ ቀስ በቀስም በላች። ከኛ ጋር የቆየችው ድዷ ወደ ሮዝነቱ እስኪመለስ ነው። አንጓች ልትወስዳት ስትመጣ ፊቷ ሌላ ሆኗል። ምሳ ሰዓት ላይ ማዳም በቪዲዮ ትደውልላታለች፤ ሁለቱም ስልካቸውን ብርጭቆ ላይ አስደግፈው ይበላሉ። "ምን ሠራሽ ትለኛለች፣ ሽሮ ስላት ለሉሉ እንዳትሰጪ ብላ ትስቅብኛለች" አለችኝ።

ያ ክፉ ጊዜ አልፏል፤ ዛሬ ሰው ድመቱን ታቅፎ እስከ ውስጥ ይገባል። አሁንም እንስሳው ምን እንደበላ እጠይቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ይዛ የመጣችው አበሻ ሠራተኛ ከሆነች ግን "አንቺስ ከማን ጋር ነው የምትበይው?" እላታለሁ። አንዳንዷ "ምን ዓይነቷ ናት!" ብላ ትስቃለች፤ አንዳንዷ ዓይኗ እንባ ይሞላል። እንዲህ ያለችዋን ስልክ ቁጥሬን ሳልሰጣት አልሸኛትም።